ከርሊንግን ከላይ ሆናችሁ እዩት፦ የኦታዋው የወንዶች የዓለም ሻምፒዮና

ካናዳ፣ ኦታዋ ከተማ 14 ዓመት ስኖር ከርሊንግን የማውቀው ቲም ሆርተንስ ተሰልፌ ቡና ስጠብቅ፣ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ቴሌቪዥን ብቻ ነበር። ድምፁ ተዘግቷል፤ ሰዎች በረዶ ላይ ድንጋይ ወደተሳለ ክብ ያንሸራትታሉ፤ ቡናዬ ይደርሳል፣ ይዤ እወጣለሁ። በ2023 ግን የወንዶች የዓለም ሻምፒዮና ራሱ ደጃችን መጣ። ከኤፕሪል 1 እስከ 9፣ ላንስዳውን ፓርክ በሚገኘው ቲዲ ፕሌስ አዳራሽ። ከቤቴ በአንድ አውቶቡስ ይደረሳል። ልጄ ደግሞ በትምህርት ቤቷ በኩል ከርሊንግ ሞክራ ፍቅሩ ይዟት ስለነበር “ካልወሰድከኝ” ብላ ያዘችኝ።

በዘጠኙ ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ገባሁ። አንዴ ከልጄ ጋር፣ አንዴ ከልጄና ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን ከመጣችው እናቴ ጋር፣ በመጨረሻም ለፍጻሜው። ገንዘብና ሰዓት የሚያወጣ ሰው “ይህ ነገር ይታያል ወይ?” ቢለኝ፣ አዎ ይታያል እለዋለሁ። የት መቀመጥ እንዳለበት ካወቀ።

እኔ የተሳሳትኩትም እዚያው ላይ ነው። ኳስ ሜዳ የለመደ ሰው ቅርቡ ወንበር ይሻላል ብሎ ያስባል። የመጀመሪያ ቀን ከበረዶው አጠገብ፣ ጎን ላይ፣ ውዱን ወንበር ገዛሁ። ድንጋዮቹ እያጉረመረሙ ከፊታችን ያልፋሉ፣ የተጫዋቾቹ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል። ዋናውን ነገር ግን ማየት አልቻልንም። ድንጋዩ የሚያርፍበትን ክብ እነሱ “ቤት” ይሉታል፤ ከዳር እስከ ዳር 3 ሜትር ከ66 ነው። ከታች ስታዩት ግን ሙሉው ክብ ተጠፍጥፎ እንደ ቀጭን መስመር ይሆናል። የማን ድንጋይ ለመሀሉ እንደቀረበ ለማወቅ ስንል ያን ቀን የዋልነው ስክሪን ላይ አፍጥጠን ነው። ለስክሪን ከሆነ ቤታችንም ቴሌቪዥን አለ።

በሁለተኛው ጉዞ ርካሹን ያዝን፣ ከቤቱ ጀርባ፣ ከላይ። ያኔ ጨዋታው ተገለጠልኝ። ልጅ ሆኜ ፒያሳ ካራምቡላ ቤት በር ላይ ቆሜ ትልልቆቹን አይ ነበር፤ ማዕዘኑን የሚያሰላ ሰው ጠረጴዛውን ከላይ ነው የሚያነበው። ከርሊንግም ያው ነው። አንዱ ቡድን ቤቱ ፊት ድንጋይ ያቆምና ዘብ ያደርገዋል፤ ሌላው በዘቡ ጎን ጠምዝዞ ያስገባል፤ ያኛው መጥቶ እንደ ብይ ጨዋታ መትቶ ያወጣዋል። በአንድ ዙር እያንዳንዱ ቡድን ስምንት ስምንት ድንጋይ ይወረውራል፤ ዙሩ አሥር ነው። ነጥብ የሚቆጠረው ዙሩ ሲያልቅ ለመሀሉ ቅርብ ለሆነው ቡድን ብቻ ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን ድንጋይ የያዘ ትልቅ ዕድል አለው፤ መዶሻው እሱ ዘንድ ነው ይላሉ። ነጥብ ያገኘ ቡድን ግን በሚቀጥለው ዙር መዶሻውን ለተጋጣሚው ይለቃል።

በጣም የወደድኩት ስሌት ከዚህ የሚመጣ ነው። መዶሻውን የያዘው ቡድን አንድ ነጥብ ብቻ የሚያገኝ ከመሰለው፣ ሆን ብሎ የመጨረሻውን ድንጋይ ከቤቱ አሳልፎ ይለቀዋል። ዙሩ ባዶ ለባዶ ያልቃል፣ መዶሻውም እሱ ጋር ይቆያል። ለእናቴ ሳስረዳት “ዘሩን አልበላም አለ በለኛ” አለችኝ። ከዚያ በኋላ ባዶ ዙር በመጣ ቁጥር እኛን ቀድማ የምታውቀው እሷ ሆነች።

ያ ሁለተኛው ጉዞ ሐሙስ ነበር። ረቡዕ ዕለት ኦታዋ ላይ ያ ሁሉ የሚቀዘቅዝ ዝናብ ወርዶ ዛፉ በበረዶ ክብደት እየተሰነጠቀ ሽቦ ላይ ሲወድቅ፣ የእኛም ሰፈር መብራት ጠፋ። ሐሙስም አልመጣም። እኔ የማታ ፈረቃ ስለምሠራ ቀኑ ነፃ ነው፤ ቤቱ ቀዝቅዟል፣ ልጅቷ ትምህርት የላትም። እናቴን ጋቢዋን አስለብሼ ሦስታችንም ሄድን። አዳራሹ ውስጥ በረዶው እንዳይሟሟ ብርዱ ሆን ተብሎ የተጠበቀ ነው፤ ሦስት ሰዓት ለሚጠጋ ጨዋታ ቀላል ጃኬት አይበቃም። ያለ ጋቢው እናቴ ሁለት ዙር እንኳ አትቀመጥም ነበር። አዳራሹ በ1967 የተከፈተ ነው፤ የተሠራው በስታዲየሙ መቀመጫዎች ሥር ስለሆነ ጣሪያው በአንድ ወገን ተንጋዶ ይወርዳል። እናቴ ቀና ብላ አይታው “ደረጃ ሥር ነን?” አለችኝ። ነበርን።

ቀድመን ደርሰን ነበርና ብዙ ሰው የማያየውን ነገር አየን። አንድ ሰው ጀርባው ላይ የውሃ ዕቃ አዝሎ፣ ወደ ኋላ እየተራመደ፣ እጁን ከግራ ወደ ቀኝ በአንድ ምት እያወዛወዘ በረዶው ላይ ውሃ ይረጫል። ነጠብጣቦቹ ወዲያው ይረጉና በረዶው የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል። የድንጋዩ ሆድ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ነው፤ በረዶውን የሚነካው በጠባብ ቀለበት ብቻ ነው፤ የሚሄደውም በእነዚያ ጉብ ጉብ ባሉ ነጠብጣቦች ጫፍ ላይ ነው። ልሙጥ በረዶ ላይ ቢለቀቅ መንገድ ላይ ይቀራል። እናቴ ሰውየውን በጣም ትክ ብላ አየችው። እሷ ልጅ ሆና ቤታቸው የአፈር ወለል ነበር፤ ቄጠማ ከመጎዝጎዙ በፊት አቧራው እንዳይነሳ ውሃ የምትረጨው እሷ ነበረች። “እጁ አይቸኩልም፤ የቸኮለ እጅ ጭቃ ያደርገዋል” አለች። በዚያ ሳምንት ስለ ከርሊንግ ከሰማሁት ሁሉ ይህ ትክክለኛው ነው። ነጠብጣቡ ከተዘበራረቀ የዓለም ምርጥ ተጫዋችም ድንጋዩን የፈለገበት ማሳረፍ አይችልም።

ድንጋዩስ ራሱ? እስከ 20 ኪሎ ይደርሳል፣ የኩንታል አንድ አምስተኛ ማለት ነው። ግራናይቱ የሚመጣው ስኮትላንድ አጠገብ ባሕር ላይ ካለች ኤይልሳ ክሬግ ከምትባል ትንሽ ደሴት ነው። ውሃ የማያስገባው ዓይነት ከታች ለሚንሸራተተው ክፍል፣ ሌላው ዓይነት ለአካሉ ይሆናል፤ ይህኛው ሌላ ድንጋይ ሲገጨው አይሰነጠቅም። ሁለቱ ሲገናኙ የሚሰጡት ድምፅ በቴሌቪዥን ከምትሰሙት ጋር አይገናኝም፤ ደረት ውስጥ ይገባል። ልጄ ዓይኗን ጨፍና በድምፁ ብቻ “ሙሉ መታው”፣ “ጠርዙን ነካው” እያለች ትገምት ነበር፤ አብዛኛውን አገኘችው።

ተጫዋቾቹ ከሚሄደው ድንጋይ ፊት በረዶውን ስለሚጠርጉበት መጥረጊያ የምትሰሙትን ቀልድ ሁሉ እርሱት። ጠራጊዎቹ በረዶውን በፍጥነት ሲፈትጉት ትንሽ ይሞቃል፤ ድንጋዩ ይርቃል፣ መታጠፉም ይቀንሳል። ማለትም ከእጅ ከወጣ በኋላ ሁለት ሰው እየሮጠ ያርመዋል። ከወርዋሪው አጠገብ ሆነው የድንጋዩን ፍጥነት ገምተው በቁጥር ይጮሃሉ፤ አለቃው ከሌላው ጫፍ ሆኖ መስመሩን አይቶ “ጥረጉ!” ወይም “ተዉት!” ይላል። አራት ጨዋታ ጎን ለጎን ስለሚካሄድ ጣሊያንኛ፣ ኮሪያኛ፣ ኖርዌይኛ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ይደባለቃል። እያንዳንዱ ቡድን ለጠቅላላው ጨዋታ ያለው የማሰቢያ ጊዜ 38 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ሰዓቱ ሲገፋ ጩኸታቸውም ይለወጣል።

ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። ሐሙስ ዕለት ከፊታችን ባለው ጨዋታ አንዱ ጠራጊ በድንገት መጥረጊያውን አነሳና እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። ምን እንደሆነ አልገባኝም። ልጄ ናት የነገረችኝ፤ መጥረጊያው የሚሄደውን ድንጋይ ነክቶታል። ዳኛ አላየም። ተጋጣሚዎቹም ያዩ አይመስለኝም። ራሱ ተናገረ፣ ድንጋዩ ተነሳ፣ ጨዋታው ቀጠለ። ማንም አላጨበጨበም፣ ምክንያቱም እዚያ ይህ የሚጠበቅ ነገር ነው። ለልጄ ስለ ሐቀኝነት ስንት ጊዜ አውርቻለሁ፤ የአንድ ሰው የተዘረጋ እጅ እንደዚያ አስረድቶልኝ አያውቅም።

ሁለተኛው ነገር “እጅ መስጠት” ነው። በእኛ ቋንቋ ቃሉ ከባድ ነው፤ የተሸነፈ፣ የተማረከ ሰው ነው እጅ የሚሰጠው። ከርሊንግ ላይ ቃል በቃል ያደርጉታል። ልዩነቱ ሰፍቶ ተስፋ ከሌለ አሥሩ ዙር ሳያልቅ የሚሸነፈው ቡድን ሄዶ የተጋጣሚዎቹን እጅ ይጨብጣል። እናቴ መጀመሪያ ደነገጠች፤ “ምነው ተጣሉ እንዴ፣ ጨዋታውን ተዉት?” አለች። ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና “በጊዜ ማወቅ ነው” አለች።

የማልመሰክርለት ምግቡን ነው። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። አንድ መሸጫ ሄጄ ጥብስ ድንች ስጠይቅ ዘይቱ ዶሮ የተጠበሰበት መሆኑን ነገሩኝ፤ ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ፣ ሆዳችን ግን ባዶውን ዋለ። የምትጾሙ ከሆነ በልታችሁ ግቡ። ሌላው፣ ጨዋታው ረጅም ነው። ከስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ አምስተኛው ዙር ላይ ይሰለቻል፤ በግማሹ ለመውጣት አስባችሁ ሂዱ።

በሳምንቱ መጀመሪያ ከልጄ ጋር በሄድንበት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ውድድር የተሳተፈችውን ቱርክን አይተናል። ከፊታችን ባንዲራ የያዘ አንድ ቤተሰብ ነበር፤ ድንጋይ በተወረወረ ቁጥር ቆመው ነው የሚያዩት። ልጄ “የእኛስ?” አለችኝ። የእኛ የለችም። ግን ናይጄሪያ በ2019 ኖርዌይ ስታቫንገር ላይ በጥንድ ድብልቅ፣ ማለትም አንድ ወንድና አንዲት ሴት አብረው በሚጫወቱበት የዓለም ሻምፒዮና ገብታ ፈረንሳይን እንዳሸነፈች ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ ያንን ጨዋታ ከኢንተርኔት ስትፈልግ ነው የከረመችው።

ፍጻሜው እሑድ ኤፕሪል 9 ዋለ፤ የእኛ ሆሣዕና ነው። ከቅዳሴ ወጥተን እናቴን ቤት አድርሰን፣ የዘንባባ ቀለበታችንን ከጣታችን ሳናወልቅ ልጄና እኔ አዳራሹ ገባን። ካናዳና ስኮትላንድ። ይህ ውድድር በ1959 “ስኮች ካፕ” ተብሎ ሲጀመር የተጋጠሙት እነዚሁ ሁለቱ ነበሩ። በካናዳ በኩል ብራድ ጉሹ፣ በ2006 ኦሎምፒክ ወርቅ፣ በ2017 ኤድመንተን ላይ አንድም ሳይሸነፍ የዓለም ዋንጫ የወሰደ። በስኮትላንድ በኩል ብሩስ ሙዋት፣ በ2022 በቤጂንግ ኦሎምፒክ ፍጻሜ በስዊድኑ ኒክላስ ኤዲን በአንድ ነጥብ ተሸንፎ ብር የያዘ። ኤዲን ከዚያ በፊት የነበሩትን አራት ሻምፒዮናዎች በተከታታይ የወሰደ ሰው ነው፤ ኦታዋ ላይ ግን ሜዳሊያ አልደረሰውም። ነሐሱን ስዊዘርላንድ ጣሊያንን አሸንፋ ወሰደች።

እውነቱን ለመናገር እንደ ጨዋታ ሐሙስ ያየነው ይበልጣል። ፍጻሜው 9 ለ 3 በስኮትላንድ አሸናፊነት አለቀ፤ ሙዋት ድንጋዩን የጠየቀው ቦታ ሁሉ ያሳርፍ ነበር። ስኮትላንድ በወንዶች ካሸነፈች ከ2009 ጀምሮ 14 ዓመት ሆኗት ነበር። ቡድኑ ውስጥ ጠራጊው ሃሚ ማክሚላን አለ፤ አባቱ፣ ስማቸው አንድ ነው፣ በ1999 እዚሁ ካናዳ፣ ሴንት ጆን ከተማ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ነበር። አባትና ልጅ፣ ሁለቱም በካናዳ በረዶ ላይ። አዳራሹ በካናዳ ቀይ ማልያ የተሞላ ነበር፤ ተጨባብጠው ሲለያዩ ግን ሕዝቡ ተነስቶ ለስኮትላንዶቹ አጨበጨበ። ልጄ ካናዳ ስለተሸነፈች ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ እሷም ተነስታ አጨበጨበች።

የ2024ቱ ሻምፒዮና በስዊዘርላንዷ ሻፍሃውዘን ተካሂዷል። ሻምፒዮናው እናንተ ያላችሁበት አካባቢ ሲመጣ፣ ሐበሾች፣ የፍጻሜ ትኬት ቢወደድባችሁ አትዘኑ፤ በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ያለውን ያዙ። ከቤቱ ጀርባ፣ ከላይ። ውሃ የሚረጨውን ሰው እንድታገኙት ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ግቡ፣ ጋቢም ያዙ።