ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የቧንቧ ሰራተኛ ለምትፈልጉ (እና የጠፋው ሲኒ ነገር)

ሰላም ጎረቤቶች፣ በተለይ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ያላችሁ። ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

ልጄ 2 አመት ከ4 ወሩ ነው። አሁን እቃ የሚወረውርበት ጊዜ ላይ ነው፣ ሪሞት ሶፋ ስር፣ ጫማ በበረንዳ፣ የአባቱ ቁልፍ ጤፍ ውስጥ (ይሄን ያገኘነው ከ4 ቀን በኋላ ነው)። ባለፈው ሳምንት ታዲያ ሽንት ቤቱ አልወርድ አለ፣ ውሃ ስንደፋበት ጭራሽ ወደ ላይ ይመጣል። ባለቤቴ ቅዳሜ ጠዋት በሽቦ ሲታገል አረፈደ፣ እኔ ደግሞ አሲድ ድፉበት ያለኝን ሰው ሰምቼ ልገዛ ወርጄ ነበር፣ ደግነቱ ሱቁ ዝግ ነው። አንድ ሰራተኛ መጥቶ እጁን እንኳን ሳያስነካው "ይሄ መሰበር አለበት፣ ከነአዲሱ መቀመጫ 14 ሺህ" ብሎ ሄደ። 4ኛ ፎቅ ላይ ሽንት ቤት የማይሰራ ቤት እንግዲህ አስቡት፣ ፖፖ ስላለው ከሁላችንም የተመቸው ልጁ ነበር።

2ኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን "አንዲት ልጅ አለች" ብላ ስልክ ሰጠችኝ። ከሰዓት በሩ ሲንኳኳ ከፈትኩ፣ የተማሪ ቦርሳ ያዘለች ቀጭን ልጅ ቆማለች። "ሰራተኛው የታለ?" አልኳት። "እኔ ነኝ እህቴ" አለችኝ። እኔ ደሞ ሴት ምን ያቅታታል እያልኩ የማወራ ሰው ነኝ፣ በወሬ ነው ለካ።

ውሃውን ዘጋች፣ ታንከሩን በጆግ ቀድታ ጨረሰች፣ ከስር ያሉትን ብሎኖች ፈታች፣ ሲሊኮኑን ዙሪያውን በቢላ ቆርጣ ከባለቤቴ ጋር ተጋግዘው መቀመጫውን ካርቶን ላይ አጋደሙት። አንገቱ ጋር የታጠፈ ቦታ አለው፣ ሽታ እንዳይመለስ ውሃ የሚቋጥረው እሱ ነው፣ የገባ እቃም የሚቀረቀረው እዛው ነው፣ እኛ በሽቦ በገፋነው ቁጥር እያጠበቅነው ነበር ማለት ነው። ጓንት አድርጋ እጇን ሰደደች። መጀመሪያ ካልሲ ወጣ። ቀጥሎ ሲኒ። ልጄ የጠፋ ዘመድ እንዳገኘ ሰው "ሲኒ!" ብሎ አጨበጨበ።

ያ ሲኒ እናቴ ልታርሰኝ ስትመጣ ካመጣችልኝ 6ቱ አንዱ ነው፣ ከጠፋ 3 ሳምንት አልፎታል። የምታግዘን ልጅ ሰብራ ደብቃው ነው ብዬ በልቤ ይዤባት ነበር። አፍ አውጥቼ አላልኳትም፣ ግን ሲኒ ባጠበች ቁጥር እቆጥራለሁ። ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ ቆማ ሲኒውን አየችው፣ ከዛ እኔን አየችኝ፣ ምንም አላለችም። ማታ ይቅርታ ስጠይቃት "አውቄው ነበር እኮ" አለችኝ። እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

ቧንቧ ሰሪዋን ግን ከሁሉ በላይ የማመሰግናት በሌላ ነገር ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ እንደናንተው ሻወር ቤት ውስጥ አንድ በርሜልና ሁለት ባልዲ ሞልቼ አስቀምጣለሁ፣ ባልዲዎቹ ክዳን የላቸውም። እጇን ስትታጠብ አየቻቸውና "እህቴ ሽንት ቤቱስ ተሰራ፣ እኔን ያስፈራኝ ይሄ ነው" አለች። በዚህ እድሜ ጭንቅላታቸው ስለሚከብድ እቃ ልጣል ብሎ ያጎነበሰ ልጅ ተዘቅዝቆ ከገባ ራሱን ማውጣት አይችልም፣ ብዙ ውሃም አያስፈልግም፣ ጩኸት እንኳን ላይሰማ ይችላል። ሳልጠይቃት ከቦርሳዋ መንጠቆ አውጥታ በሩ ላይ እሱ የማይደርስበት ቦታ ገጠመችልን፣ የባልዲውን ውሃ ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ውስጥ ገለበጥነው፣ በርሜሉም ክዳኑ ላይ ድንጋይ ተጫነበት። ስንት ሌሊት 8 ሰዓት እየተነሳሁ ውሃ ስሞላ ሃሳቤ ሁሉ እንዳይደፋብኝ ነበር።

ቡና ተፈልቷል ጠጪ ስላት "በየትኛው ሲኒ?" አለችኝ፣ ሳቃችን አላቆመም። የጠየቀችው 800 ብር ነው፣ መንጠቆውን አልቆጠረችውም፣ ጨምሬ ብሰጣት አልቀበልም አለች።

ሲኒው በበረኪና 3 ጊዜ ታጥቦ አሁን ልጄ አፈር ይቀዳበታል። ስልኳን ለምትፈልጉ አስፈቅጃታለሁ፣ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ስላላት ከሰዓት ደውሉላት፣ ዋጋ አትከራከሯት፣ በሩን ስትከፍቱላት ደሞ ሰራተኛው የታለ እንዳትሏት።