ጥፋቱ የሐዋሳ መብራት አልነበረም፦ የልብ አልትራሳውንዴ ከ9 ወር በኋላ

«ችግሩ ከማሽኑ አይደለም፤ የሐዋሳ መብራት ነው» አለኝ ሻጩ። አራት ወር ሙሉ አመንኩት።

ማሽኑን የገዛሁት ባለፈው ጥቅምት ነው። ለትንሽ ክሊኒኬ ከባድ ገንዘብ ቢሆንም ከምስሉ ጋር ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚስል መስመር) አብሮ የሚያሳይ ባለሦስት ገመድ ስለሆነ ሳላመነታ ከፈልኩ። ምስሉ ጥሩ ነው፤ ባትሪውም መብራት ሲጠፋ የተጀመረውን ምርመራ ያስጨርሳል። የምጽፈው ከምስሉ ግርጌ ስለምትሮጠው አረንጓዴ መስመር ነው።

መስመሯ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደ መጋዝ ጥርስ ነበረች። ትልቁ ሹል ይታያል፤ ከእርሱ በፊት የምትመጣው፣ የልብ የላይኛው ክፍል ሊኮማተር ሲል የምትታየው ትንሿ ፒ ሞገድ ግን በንዝረቱ ተውጣለች። ስደውል «ዶክተር፣ ዋናው ምስሉ ነው፤ ኢሲጂው ማጀቢያ ነው» ተባልኩ።

ማጀቢያ አይደለም! የግራው ኤትሪየም፣ ማለትም የልብ ግራ የላይኛው ክፍል፣ ከሳንባ የሚመለሰውን ደም ያጠራቅማል፤ ወደ ታችኛው ክፍል የሚያስገባው በር፣ ሚትራል ቫልቭ፣ ሲከፈት ያሳልፋል፤ በመጨረሻም ራሱ ተኮማትሮ የቀረውን ይገፋል። እነዚህን ሥራዎች ለመለየት መጠኑ በሦስት ቅጽበት ይለካል፦ ቫልቩ ሊከፈት ሲል፣ ፒ ሞገድ ስትጀምር፣ ቫልቩ ሲዘጋ። ፒ ካልታየችኝ ማሳለፉ የት አብቅቶ መግፋቱ የት እንደጀመረ በምን ልወቅ? ማሽኑ በራሱ ሲለካም ምስሉን የሚመርጠው ይህችኑ መስመር ተከትሎ ነው። ንዝረቱን እንደ ሹል እየቆጠረ ያለቦታው ይቆም ነበር። አንድ ቀን የኤትሪየሙን ትልቁን መጠን በአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት 29 ሚሊ ሊትር ያለኝን ቅጽበቱን በዓይኔ መርጬ ስለካው 41 ሆነ። የጤናማው ጣሪያ 34 ነው።

በየካቲት መጀመሪያ ከይርጋለም አንዲት ወጣት እናት መጣች። የሩማቲክ ሕመም ሚትራል ቫልቧን አጥብቦታል። ነርሷ መስመሩን አይታ «ኤትሪየሙ ይርገበገባል» ብላ፣ ማለትም ምቱ ሥርዓት አጥቷል ብላ፣ መዝገቡ ላይ ጻፈች፤ አልፈርድባትም፣ እንዲያ ነበር የሚመስለው። እንዲህ ዓይነት ሴት ላይ ያ ቃል ከተጻፈ ደም እንዳይረጋ የሚከላከለው መድኃኒት ዋርፋሪን ይከተላል፤ ከዋርፋሪን ጋር ደግሞ የማያቋርጥ የደም ምርመራና ከይርጋለም መመላለስ አለ። እጇን ያዝኩ፤ ትርታዋ እኩል ነው። የደም ፍሰትን የሚለካውን ዶፕለር ቫልቩ ላይ አኖርኩ። ከመጀመሪያው ጉብታ ቀጥሎ ኤትሪየሙ ሲገፋ የምትፈጠረው «ኤ» ሞገድ በእያንዳንዱ ምት ላይ ቆማ ትታያለች። የሚርገበገብ ኤትሪየም ይህችን አይሠራም።

አሮጌውን ባለወረቀት ኢሲጂ አስመጥቼ እዚያው ሶኬት ላይ ሰካሁት። ጥርት ያለ መስመር አወጣ። ፒዋ ሁለት ጉብታ አላት፤ ስፋቷም ከሦስት ትንንሽ ካሬ ያልፋል፤ ይኸውም ከ0.12 ሰከንድ በላይ ነው። ኤትሪየሙ ሰፍቷል፣ ተጨንቋል፤ ነገር ግን እየሠራ ነው።

ሶኬቱ ያው፣ ከተማው ያው ነው። ታዲያ የመብራቱ ጥፋት የቱ ላይ ነው?

ማታ የማሽኑን ማስተካከያ ገጽ በገጽ ከፈትኩ። የመብራት ንዝረት ማጣሪያው 60 ኸርዝ ላይ ነበር። የአገራችን መብራት 50 ነው! ሸጦልኝ፣ ተክሎልኝ፣ ፊርማዬን ተቀብሎ የሄደ ሰው ይህችን አንዲት ቁጥር ማየት አቅቶታል። ወደ 50 ስቀይረው መስመሯ እንደ ክር ቀጠነች፤ ፒም በየምቱ ብቅ ትል ጀመር።

አሁን ቢጠይቁኝ ማሽኑን አልመልስም። ከዚያ ቀን ወዲህ ለኤትሪየም ምርመራ የምተማመንበት እርሱን ነው፤ ዋጋውም አይቆጨኝም። ከዚያ ሻጭ ግን ዳግመኛ ገመድ እንኳ አልገዛም። «ቅንብሩ ቀላል ነገር ነው» ቢለኝ መልሴ አንድ ነው፦ ቀላል ከሆነ ለምን አላደረግኸውም?

በእነዚያ አራት ወራት የመረመርኳቸውን ከመዝገብ እያወጣሁ ያለክፍያ ደግሜ እየለካኋቸው ነው። አብዛኞቹ መጥተዋል። ከአለታ ወንዶ የመጡት አንድ አባት ስልካቸው እስካሁን አይነሳም።