ካምቢዮዬን ከመፈታት ያዳኑልኝን ባለሙያ ላመስግን

ጎፋ አካባቢ በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ የሚተዳደሩ አንድ አባት አሉ። ይህን የምጽፈው እሳቸውን ለማመስገን፣ አውቶማቲክ መኪና ያላችሁም እንድታውቋቸው ብዬ ነው።

የእኔ መኪና የቆየች ቶዮታ ኮሮላ ናት። ባትሪዋ ሞቶ አዲስ ከተገጠመላት በኋላ ጠባይዋ ተለወጠ። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ስትገባ ትወረወራለች፤ ፍሬን ይዤ ስቆም ደግሞ ሞተሯ ሊጠፋ ይንገዳገዳል። መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ ብዙም ሳይመረምር «ካምቢዮው (ማርሽ የሚቀይረው ክፍል) ይውረድ» አለኝ። ዋጋውን ሲነግሩኝ መኪናዋን ሽጬ በታክሲ መሄድ ሁሉ አማረኝ።

ጋሼ ግን መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት ጠየቁኝ፦ ችግሩ የጀመረው ባትሪው ከመቀየሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከዚያ የባትሪውን ማሰሪያ ነቅንቀው አዩ፤ ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ የሚሰጠውን ለኩ፤ 14 ቮልት አካባቢ፣ ደህና ነበር። የካምቢዮውን ዘይት በነጭ ጨርቅ ላይ ጠብ አድርገው ቀለሙን አዩ፣ አሸተቱት። በኮምፒውተር ሲያነቡም የተመዘገበ ብልሽት አልተገኘም።

«ልጄ፣ ካምቢዮሽ ጤነኛ ነው፤ የተማረውን ነው የረሳው» አሉኝ።

የመኪናዋ ኮምፒውተር ማርሽ ሲቀይር ምን ያህል የዘይት ግፊት እንደሚያስፈልግ፣ ካምቢዮው እያረጀ በሄደ ቁጥር እያስተካከለ ይመዘግባል። እንደ እኔዋ ባሉ መኪኖች ባትሪው ሲነቀል ይህ መዝገብ ይጠፋል። የሞተሩ መንገዳገድም ከዚሁ የመጣ ነው፤ በአየር ማስገቢያው ላይ ለተጠራቀመው ጥላሸት ኮምፒውተሩ ያደርግ የነበረው ማካካሻ አብሮ ጠፍቷል። ስለዚህ ጥላሸቱን ጠረጉ፣ ከዚያ ወዲህ ተዛብቶ የተመዘገበውን በመሣሪያቸው አጸዱ፣ ዘይቱ እስኪሞቅ ጠብቀውም ኮምፒውተሩ እንደገና እንዲማር አጠገቤ ተቀምጠው ወደ ቀለበት መንገድ ወጣን።

የሥራቸውን ጥራት ያየሁት እዚያ ነው። «ቀስ፣ እግርሽ አይቸኩል» እያሉ ነዳጁን በትንሹ፣ እኩል አስረግጠው እስከ መጨረሻው ማርሽ ያስወጡኛል፤ ከዚያ በዝግታ አስቁመው እንደገና ያስጀምሩኛል። ውርወራው እየለዘበ ሄዶ በመጨረሻ ማርሹ መቀየሩንም መለየት አቃተኝ።

ያስከፈሉኝ የሠሩበትን ብቻ ነው። ሁሉም መኪና ይህን ሥራ አይፈልግም፤ ሞዴሉንና የተሠራበትን ዓመት ጠይቀው፣ የማይመለከታቸው ከሆነ በግልጽ ተናግረው ይመልሷችኋል።

አንድ ጉድለት አለባቸው፤ ሥራ ላይ ሲሆኑ ስልክ አያነሱም። ጠዋት በአካል መሄድ ይሻላል። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።