ፖላራይዝድ ወይስ ተራ ጥቁር መነጽር? ከመክፈላችሁ በፊት

መነጽር ቤት ገብታችሁ "ለፀሐይ የሚሆን" ስትሉ ሻጩ ከሁሉ በፊት "ይሄ ፖላራይዝድ ነው" ይላችኋል፤ ነጸብራቅን ለይቶ ይቀንሳል ማለቱ ነው። ዋጋውም በዚያው ከፍ ይላል። ከዚያ ትንሽ ካርድ ይሰጣችኋል፤ በመነጽሩ ስታዩት የተደበቀ ሥዕል ብቅ ይላል። ካርዱ አይዋሽም። ግን የሚያረጋግጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሌንሱ ፖላራይዝድ መሆኑን። ዓይናችሁን ከፀሐይ ጨረር ይጠብቅ አይጠብቅ ካርዱ የሚያውቀው ነገር የለም።

ስለዚህ ከዩቪ፣ ማለትም ከአልትራቫዮሌት ጨረር፣ እንጀምር፤ እሱ ለድርድር አይቀርብም። "ዩቪ 400" የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ሌንሱ የሞገድ ርዝመቱ እስከ 400 ናኖ ሜትር የሆነውን፣ ዓይን የማያየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ያግዳል ማለት ነው። ይህ ከጥቁረት ጋር አይገናኝም። ጥርት ያለ ነጭ የፖሊካርቦኔት ሌንስ ዩቪን ሊያግድ ይችላል፤ ከሰል የመሰለ ርካሽ መነጽር ደግሞ ሊያሳልፍ ይችላል። እንዲያውም የኋለኛው ይብሳል፤ ምክንያቱም ጨለማ ሲሆን የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ያልታገደው ጨረርም እንደ ልብ ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ዩቪ በ10 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር አስቡት። የዩቪ መለኪያ ያለው መነጽር ቤት ካገኛችሁ አስለኩ፣ የአፍታ ሥራ ነው። ከሌለ የብር ኖት መፈተሻ ወይንጠጅ መብራት ነጭ ወረቀት ላይ አብሩና ሌንሱን መሐል አስገቡ። የወረቀቱ ሰማያዊ ድምቀት ከጠፋ ደህና ምልክት ነው። ግምት እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፣ ግን ከሻጩ መሐላ ይሻላል።

አሁን ወደ ፖላራይዝድ። ብርሃን ሞገድ ነው፤ ከፀሐይ ሲመጣ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ጎን፣ በሰያፍ፣ በሁሉም አቅጣጫ እየተርገበገበ ነው። አስፋልት፣ ውሃ ወይም የመኪና ኮፈን ላይ አርፎ ሲንጸባረቅ ግን አብዛኛው በአግድም የሚርገበገበው ይሆናል። ነገሩን ያስተዋለው ፈረንሳዊው ኤቲየን ማሉስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1808 ፓሪስ ውስጥ ከሉክሰምበርግ ቤተ መንግሥት መስኮቶች የሚንጸባረቀውን የፀሐይ ብርሃን በክሪስታል እያየ ክሪስታሉን ሲያዞረው ነበር ልዩነቱን ያየው። ፖላራይዝድ ሌንስ የሚያሳልፈው የቆመውን ሞገድ ብቻ ነው። ረጅም አጣና በአግድም ተሸክሞ በጠባብ በር ልግባ እንደሚል ሰው፣ የተጋደመው ውጭ ይቀራል።

ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ተራ ጥቁር መነጽር ነጸብራቁንም፣ መንገዱንም፣ መንገድ የሚያቋርጠውንም ሰው እኩል ያጨልማል። ፖላራይዝዱ ግን የሚያንጸባርቀውን ለይቶ ይቀንሳል፣ ሌላው ይታያል። ሐዋሳ ወይም ጣና ላይ ጀልባ ለሚይዝ፣ ዓሣ ለሚያጠምድ ሰው ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው፤ የውሃው ብልጭታ ይነሳና ከሥር ያለው ይታያል። በተለይ ከቋሚው መስመር 53 ዲግሪ ገደማ ዘንበል ብሎ የሚንጸባረቀው ብርሃን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ግን ተአምር አትጠብቁ። ማለዳ ወደ አዳማ ስትነዱ ፊት ለፊት የምትመጣባችሁ ፀሐይ ራሷ ፖላራይዝድ አይደለችም። ለእሷ መነጽሩ እንደ ማንኛውም ጥቁር መነጽር ነው፤ የሚያግዛችሁ አስፋልቱ ላይ ባለው ነጸብራቅ ነው።

ጣጣም አለው። የስልክና የዳሽቦርድ ስክሪኖች ራሳቸው ፖላራይዝድ ብርሃን ስለሚያወጡ በሆነ ማዕዘን ሊጠቁሩባችሁ ይችላሉ። የሌሎች መኪኖች የኋላ መስታወት ላይ ዥጉርጉር ነጠብጣብ ታያላችሁ፤ መነጽሩ ተበላሽቶ ሳይሆን መስታወቱ ሲጠነክር የቀረበት ውጥረት ነው የሚታየው። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ለአብራሪዎች የማይመክረውም በመሣሪያ ስክሪኖቹ ምክንያት ነው። ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ካርታ እያዩ ለሚሠሩ የራይድ ሹፌሮች ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከመግዛታችሁ በፊት በራሳችሁ ስልክ፣ በምታስቀምጡበት አቅጣጫ አድርጋችሁ ሞክሩት። እግረ መንገዳችሁንም ካርዱን ትተዋላችሁ፦ ሌንሱን ላፕቶፕ ስክሪን ፊት ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩት፣ በሆነ ማዕዘን ከጠቆረ ፖላራይዝድ ነው፤ ምንም ካልተለወጠ ተራ ቀለም ነው።

የእይታ መነጽር የምታደርጉ ከሆነ ደግሞ ገንዘባችሁን ሌላ ቦታ አውሉት፦ ጸረ ነጸብራቅ ሽፋን ላይ። አንድ ተራ የፕላስቲክ ሌንስ በአንድ ገጹ 4 በመቶ ገደማ ብርሃን ይመልሳል፣ በሁለቱ 8 ይሆናል። ማታ ስትነዱ በመብራቶች ዙሪያ ለሚታየው ጥላና ድርብ ምስል አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሽፋኑ ቀጭን ነው፣ አንዱ ንጣፍ 100 ናኖ ሜትር አካባቢ። ከላይኛው ገጹ የሚመለሰው ሞገድና ከሥሩ የሚመለሰው ሞገድ ሲገናኙ የአንዱ ጫፍ የሌላው ጎድጓዳ ላይ ያርፍና ይጣፋሉ። ጥሩ ባለ ብዙ ንጣፍ ሽፋን ነጸብራቁን ከ1 በመቶ በታች ያወርደዋል። ለማጣራት ሌንሱን አምፖል ሥር ያዙት፤ የአምፖሉ ምስል ነጭ ሆኖ ከተመለሰ ሽፋን የለም፣ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ወይንጠጅ ከሆነ አለ። አንዴ ከገዛችሁ አቧራ ባለበት በሸሚዝ ጫፍ አትወልውሉት፣ ይጫራል።

ፎቶክሮሚክ፣ ማለትም ፀሐይ ላይ ራሱ የሚጠቁረው፣ ለእግረኛ ደስ ይላል። ለሹፌር ግን አብዛኛው አይሆንም፤ የሚያጠቁረው በዋናነት ዩቪ ነው፣ የመኪና የፊት መስታወት ደግሞ አብዛኛውን ዩቪ ያስቀረዋል። ፊቱ እንደ መስታወት የሚያንጸባርቀው ሌንስ በዋናነት ለማማር ነው። ሰማያዊ ብርሃን ይቀንሳል እየተባለ የሚሸጠው ብሉ ከት ሌንስ ላይ እኔ አልከፍልም፤ የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች አካዳሚም ለኮምፒውተር ተብሎ እንዲገዛ አይመክርም።

የእኔ ምርጫ? ቀን ለሚነዳና ውሃ ዳር ለሚውል ዩቪ 400 ያለው ፖላራይዝድ፣ ጥቁረቱ ምድብ 3፤ ይህ ከብርሃኑ ከ8 እስከ 18 በመቶ ያሳልፋል። ምድብ 4 ለመንዳት አይሆንም፣ ቁጥሩን እጀታው ላይ ፈልጉ። ከተማ ውስጥ በእግሩ ለሚሄድ ዩቪ 400 ያለው ተራ መነጽር ይበቃል፣ ቀሪውን ብር ኪሳችሁ አኑሩት። "የማታ መንጃ" እየተባለ የሚሸጠውን ቢጫ መነጽር ግን ማንም አይግዛ፤ ማታ በጨለማ ያለችውን ትንሽ ብርሃን ነው የሚቀንስባችሁ።