ካኖን 70-200 ኤፍ/4፦ ቁጭ ለማይል ውሻ የሚሆን ሌንስ

ይህን ሌንስ የገዛሁት ለሰርግም ለወፍም አይደለም። ለነብሮ ነው። ነብሮ ጥቁር፣ መካከለኛ ቁመት ያለው፣ ኳስ ካየ የገዛ ስሙን የሚረሳ ውሻ ነው። ስለዚህ ግምገማዬም በእሱ ልክ የተሰፋ ነው። የቁም ምስል ለምታነሱ ሰዎች ብዙም አልጠቅም ይሆናል።

ሌንሱ ካኖን ኢኤፍ 70-200 ሚሊ ሜትር ኤፍ/4 ኤል ነው። ሚሊ ሜትሩ ሲጨምር ሩቁን ያቀርባል፤ ኤፍ የብርሃን ቀዳዳው ስፋት ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ አሮጌ ነው ማለት ይቻላል። የምስል ማረጋጊያ የለውም። ማረጋጊያ ያለው ታናሽ ወንድሙ በ2006 መጣ። እኔ ግን የሌለውን መረጥኩ፣ ያውም ያገለገለውን። ብዙ ሰው «ያለ ማረጋጊያ 200 ሚሊ ሜትር እንዴት ይሆናል?» ይለኛል።

ይሆናል። ማረጋጊያው የሚያረጋጋው የእኔን እጅ ነው፤ የነብሮን እግር አይደለም። የሚሮጥ ውሻን ቀጥ አድርጎ ለማስቀረት የሹተሩ ፍጥነት (ካሜራው ለብርሃን የሚከፈትበት ጊዜ) ቢያንስ 1/1000 ሰከንድ መሆን አለበት። ፊት ለፊት እየበረረ ሲመጣ ደግሞ 1/1600 ወይም 1/2000 ላይ አደርገዋለሁ። በዚህ ፍጥነት የእጄ መንቀጥቀጥ ከቁብ አይገባም። ማረጋጊያው የሚናፍቀኝ አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ ሹተሩን ወደ 1/60 አውርጄ፣ ካሜራውን ከውሻው ጋር እያዞርኩ፣ ከኋላው ያለውን ነገር በመስመር ማጥፋት ስፈልግ። ያንን ደግሞ ስንቴ አደርገዋለሁ?

አሁን ወደምወዳት ነገር ልምጣ። በሌንሱ ጎን ላይ አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለች። ሁለት ምርጫ ትሰጣለች፦ ፎከሱ (ምስሉን ጥርት የሚያደርገው) ከ1.2 ሜትር ጀምሮ ይፈልግ ወይስ ከ3 ሜትር ጀምሮ? ነብሮ ረጅም ሣር ውስጥ ሲገባ ሌንሱ ፊት ለፊቱ ባለው ሣር ይታለላል። አንዴ ከተታለለ ወደ ቅርብ ወርዶ፣ ተመልሶ ወደ ሩቅ ወጥቶ፣ ውሻውን እስኪያገኝ ድረስ ውሻው ሄዷል። ቁልፏን 3 ሜትር ላይ ሳደርጋት ሌንሱ ከዚያ በታች መባዘኑን ይተወዋል። ስለዚህች ቁልፍ የሚያወራ ሰው ማነሱ ይገርመኛል። የፎከስ ሞተሩም ፈጣን ነው፣ ድምፁም አይሰማም ማለት ይቻላል። ሌንሱ ዙም ሲደረግም ፎከስ ሲያደርግም አይረዝምም፣ አያጥርም።

ክብደቱ 705 ግራም ነው። ኤፍ/2.8 የሆነው፣ ማረጋጊያ ያለው ሁለተኛው ትውልድ 1490 ግራም ነው። ከእጥፍ በላይ! ወረቀት ላይ ቁጥር ብቻ ይመስላል። መሬት ላይ በሆዴ ተኝቼ፣ ተነስቼ፣ ኳስ ወርውሬ፣ ደግሜ ስተኛ ግን ትርጉሙ ይገባኛል። መተኛቱ ግዴታ ነው። ውሻን ከላይ ወደ ታች ስታነሱት ጀርባና ሣር ብቻ ነው የምታገኙት። ካሜራው በእሱ ዓይን ቁመት ሲሆን ከኋላው ያለው ነገር ይርቃል፣ ደብዘዝ ይላል፣ ውሻው ጎልቶ ይወጣል።

ኤፍ/4 መሆኑ ያሳስባችኋል? እኔንም አሳስቦኝ ነበር። የእኔ ካሜራ 7ዲ ማርክ 2 ነው፤ ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ትንሽ ስለሆነ 200 ሚሊ ሜትሩ እንደ 320 ያቀርባል። በዚህ ካሜራ በ10 ሜትር ርቀት፣ በኤፍ/4፣ ጥርት የሚለው ጥልቀት ወደ 38 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አፍንጫውም ጆሮውም ይገባሉ። 4 ሜትር ላይ ሲደርስ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ዓይኑ ጥርት ካለ አፍንጫው ብዥ ይላል። በኤፍ/2.8 ደግሞ ከዚህም ይጠባል። ለሚሮጥ ውሻ ከዚያ በላይ መክፈት በእሳት መጫወት ነው።

የሚጎዳው ብርሃን ላይ ነው፣ ይህን አልደብቅም። በቀን፣ ጥላ ውስጥ እንኳ፣ በ1/1600 አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፤ ሲጨምር ምስሉ ይጎረብጣል) 640 አካባቢ ይበቃኛል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ግን 3200 ያልፋል፣ የጥቁር ውሻ ፀጉር ላይ ደግሞ ጉርብጥብጡ ወዲያው ይታያል። ኤፍ/2.8 ቢሆን ግማሹ በበቃኝ ነበር። ውሻችሁን ከሥራ መልስ በጭላንጭል ብቻ የምታወጡት ከሆነ ይህ ሌንስ የእናንተ አይደለም።

የጥቁር ውሻ ነገር ከተነሳ፦ ካሜራው ጥቁሩን አይቶ «ጨልሟል» ብሎ ያስባል፣ ያበራዋል፣ ነብሮ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ፎቶው ውስጥ ገዝፎ ሲገባ ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን የብርሃን መጠን) ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ዝቅ አደርገዋለሁ፤ አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል። ፎከሱም ጥቁር ፀጉር ላይ የሚይዘው ነገር ያጣል፤ ንፅፅር ይፈልጋልና። እኔ ቀይ የአንገት ማሰሪያ ገዛሁለት። ሲርቅ የፎከስ ነጥቡን ማሰሪያው ላይ አደርጋለሁ፣ ሲቀርብ ወደ ዓይኑ። ኤአይ ሰርቮ፣ ማለትም ፎከሱ የሚንቀሳቀስን ነገር እየተከተለ የሚይዝበት ምርጫ፣ ሁልጊዜ እንደበራ ነው።

ሌላው ጉድለት ቅርበት ነው። ከ1.2 ሜትር በታች ፎከስ አያደርግም። በእኔ ካሜራ ላይ ደግሞ 70 ሚሊ ሜትሩ ራሱ እንደ 112 ስለሚሆን፣ ነብሮ ፍቅሩ ሲመጣበት ፎቶው ጆሮ ብቻ ነው። ከሌንሱ ጋር የሚመጣውን ኮፍያ (ከፊቱ የሚገጠመውን ክፍት ጥላ) አታውልቁት። ለፀሐይ ነው የተሠራው፣ ለምላስም ይሠራል። ውሃና አቧራ መከላከያ ማሸጊያ ስለሌለው ከኩሬ የወጣ ውሻ ራሱን ሲያራግፍ ራቅ በሉ። ዙሙ ለዚህ ነው።

የሌንሱን ነጭ ቀለም ግን እስካሁን አልለመድኩትም። ሰው ዞሮ ያያል፣ ጋዜጠኛ ይመስለዋል፣ ከዚያ ኳስ የያዘ ውሻ አይቶ ግራ ይጋባል።

መስታወት አልባ ካሜራ ላላችሁ፣ ሌንሱ በካኖን አዳፕተር እንደ አር6 ባሉት ላይ ይሠራል፤ እነሱ የውሻን ዓይን ራሳቸው ፈልገው ይከተላሉ። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ በባትሪ ብርሃን ውስጡን እዩ፣ ሻጋታ ካለ ተዉት። የፎከስ ቁልፏንም ወዲያና ወዲህ ገፍታችሁ ሁለቱንም ርቀት ሞክሩ፣ ኮፍያውም አብሮ መኖሩን ጠይቁ።