ሁለት ዓመት በኪራይ ሶፍትዌር

ይህን የሒሳብ ሶፍትዌር መጠቀም ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ስሙን አልጠራም፤ የማማርርበት ነገር በዘመዶቹም ሁሉ ላይ አለ። ደረሰኝ ያዘጋጃል፣ ማን እንደከፈለ ማን እንደቀረ ይይዛል፣ ወር ሲያልቅ ሪፖርት ያወጣል። በየወሩ ደግሞ ከካርዴ ላይ ይቆርጣል።

መጀመሪያ ላመስግን። ምንም የጫንኩት ነገር የለም። ብራውዘር ከፈትኩ፣ ኢሜይልና ፓስወርድ አስገባሁ፣ ሥራ ጀመርኩ። ፕሮግራሙም ፋይሉም ያሉት እኔ ላፕቶፕ ላይ ሳይሆን ሰርቨር፣ ማለትም በኢንተርኔት የምንደርስበት ሩቅ ያለ ኮምፒውተር ላይ ነዋ። ሰርቨሩም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሶፍትዌሩ ባለቤት ንብረት አይደለም፤ ከአማዞን፣ ከማይክሮሶፍት ወይም ከጉግል የተከራየው ነው። አከራዬ ራሱ ተከራይ ነው ማለት ነው።

የዚህን ጥቅም ያየሁት ላፕቶፔ ላይ ውሃ የፈሰሰ ቀን ነው። ድሮ ቢሆን ጉድ ሆኜ ነበር። የሰው ላፕቶፕ ተውሼ ስገባ ግማሽ ላይ ያቆምኩት ደረሰኝ እንኳ እንደተውኩት ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ።

አፕዴት ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። እንዲህ ባለው አገልግሎት ሁላችንም ደንበኞች የምንጠቀመው አንዱን ፕሮግራም ነው፣ ዳታችን ብቻ ነው በየስማችን ተለይቶ የሚቀመጠው፤ ስለዚህ ስህተት ሲስተካከል ለሁላችንም እኩል ይስተካከላል፣ መልኩን ሲቀይሩትም እንዲሁ ለሁላችንም ይቀየራል። አንድ ቀን ጠዋት ስገባ በየቀኑ የምጫነው ቁልፍ ቦታው ላይ የለም። ማን ጠየቀኝ? ደህና የለመድኩት ነገር ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የካርዴ ጊዜ አለፈ። ሲስተሙ ሊቆርጥ ሞከረ፣ አልሆነለትም። ማስጠንቀቂያ ልኮልኛል፣ አልዋሽም፤ የላከው ግን ከፍቼው በማላውቀው አሮጌ ኢሜይሌ ነው። ደንበኛ ስልክ ላይ ሆኖ ደረሰኝ ሲጠብቅ ሶፍትዌሩን ከፈትኩት። ከላይ ቢጫ መስመር ተሰምሯል። የሁለት ዓመት ሒሳቤ አንድም ሳይጎድል ይታየኛል፣ አንዱንም መንካት ግን አልችልም። ‹አዲስ› የሚለውን ብጫነው፣ ብጫነው ወይ ፍንክች! ደንበኛው ‹‹ታዲያ መቼ ልደውል?›› ሲለኝ የምመልሰው ጠፋኝ።

እንደዚህ መሆኑ ለነገሩ የተለመደ ነው። ማይክሮሶፍት 365 ክፍያው ሲቋረጥና የእፎይታ ጊዜው ሲያልቅ ወርድ ፋይላችሁን ያስነብባል፣ ያሳትማል፤ ማስተካከል ግን አይፈቅድም። በነገራችን ላይ ክላውድ (ፕሮግራሙ ሰርቨር ላይ ሲሆን) እና ሰብስክሪፕሽን (በየጊዜው እየከፈሉ መከራየት) አንድ አይደሉም። የፎቶ ማስተካከያውን ፎቶሾፕን ውሰዱ። ሠሪው አዶቤ በ2013 እ.ኤ.አ. አዳዲሶቹን በኪራይ ብቻ አደርጋለሁ ሲል ብዙ ሰው አኩርፎ ነበር፤ ፕሮግራሙ ግን ያኔም አሁንም ኮምፒውተራችሁ ላይ ነው የሚጫነው፣ በየጊዜው ኢንተርኔት ላይ እየወጣ ክፍያችሁን ያጣራል እንጂ። በ1999 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው፣ የደንበኞች መያዣ ፕሮግራም በኢንተርኔት የሚያከራየው ሴልስፎርስ በበኩሉ ‹ሶፍትዌር› የሚለውን ቃል በቀይ የሰረዘ ምልክት ይዞ ነበር ገበያ የወጣው። የሚሸጠው ሶፍትዌር ነው፣ ምን እንደሰረዘ እንጃ።

ካርዱን ቀይሬ ሥራ ከቀጠልኩ በኋላ ‹እስቲ ልውጣ ብል ምን ይዤ እወጣለሁ?› ብዬ ሞከርኩት። ሳልመዘገብ በፊት ማየት የነበረብኝ ይሄን ነበር። ዳታዬን በሲኤስቪ (ሠንጠረዥን በተራ ጽሑፍ በሚይዝ ፋይል) አወረድኩ፤ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። በኤክሴል ስከፍተው ቁጥሩ ሁሉ ትክክል ነው፣ በአማርኛ የተጻፈው የደንበኞች ስም ግን የማይነበብ ትርኪምርኪ ምልክት ሆኗል። ላብ አጠመቀኝ። በኋላ እንደገባኝ ፋይሉ ምንም አልሆነም፤ እንዲሁ ድርብ ክሊክ አድርጎ መክፈት ሳይሆን ከኤክሴል ውስጥ ‹ዳታ› በሚለው በኩል አስገብቶ ዩቲኤፍ-8 የሚባለውን የፊደል ኮድ መምረጥ ነው የሚፈልገው። ስሞቹ ተመለሱ። ከየወጪው ጋር ያያያዝኳቸው የደረሰኝ ፎቶዎች ግን ከሲኤስቪው ጋር አይመጡም። አንድ በአንድ ማውረድ ነው ያለው አማራጭ። 40ኛው ላይ ስደርስ ተውኩት።

ዋጋውን ስታዩ አንድ ነገር ልብ በሉ። ‹በወር ይሄን ያህል› የሚለው አንዳንዴ የዓመት ውል ነው፣ አከፋፈሉ ብቻ ነው የወር። መሃል ላይ ብታቋርጡ ቅጣት ሊኖረው ይችላል።

ትተኸዋል ወይ ካላችሁኝ፣ አልተውኩትም። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ሲኤስቪውን አውርጄ ፍላሽ ላይ አስቀምጣለሁ፣ አዲስ ደረሰኝ ፎቶ ሳነሳም አንዱን ኮፒ ላፕቶፔ ላይ አስቀራለሁ። ከአምስት አራት ኮከብ ሰጥቼዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ለቢጫዋ መስመር እንዳይመስላችሁ፤ ካርዱን የረሳሁት እኔ ነኝ። ለፎቶዎቹ ነው።