ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ የልጃችሁን ደም የት እንደምታስመረምሩ ለጨነቃችሁ ወላጆች

ልጄ የልብ ቀዶ ሕክምና ያደረገችው ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ባለው የልብ ማዕከል ነው። ሐኪሞቹንና ነርሶቹን አመስግኜ አልጠግብም። ዛሬ የምጽፈው ግን ከዚያ በኋላ ሰፈራችን አጠገብ ደሟን ስለምትቀዳላት የላብራቶሪ ባለሙያ ነው።

የልጄ ሕመም የጀመረው ከጉሮሮ ነው። በወጉ ያልታከመ ቶንሲል ልብ ድረስ ሊዘልቅ ይችላል። የሷም ሚትራል የሚባለው የልብ በር (ቫልቭ) ተጎድቶ በሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ ተተካ። ሕመሙ እንዳያገረሽ ወርሃዊ መርፌዋን ትወጋለች፣ ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ ደግሞ በየቀኑ ትውጣለች። ደሟ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚታወቀው አይ ኤን አር በሚባል ምርመራ ነው። ለሷ ሐኪሟ የወሰነላት ከ2.5 እስከ 3.5 ነው። ከዚያ ከወረደ ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። በጣም ከወጣ ደግሞ መድማት ያሰጋል። ቤታችን በዚህ ቁጥር ነው የሚያድረው።

አንድ ጊዜ ሌላ ቦታ አሠርተን ውጤቱ ከ5 በላይ መጣ። ልቤ ቀጥ አለ። ወረቀቱን ይዤ ወደዚህች እህታችን ሮጥኩ። መጀመሪያ ልጅቷን አየቻት። «ድድሽ ደምቶ ያውቃል? ነስሮሻል? ሰውነትሽ ላይ የበለዘ ነገር አለ?» አለቻት። ምንም አልነበረም። እንደገና ቀዳችና 2.9 ሆነ።

ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ሰማያዊ ክዳን ባለው ብልቃጥ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ አለ። መጠኑ የተለካው እስከ ምልክቱ ለሚሞላ ደም ነው። ደሙ ካነሰ ፈሳሹ ይበዛና ደሙ ከእውነቱ በላይ የቀጠነ ይመስላል። የልጅ ደም ሥር ቀጭን ስለሆነ ብልቃጡ ሳይሞላ መቅረቱ ቀላል ነው። እሷ ግን ካልሞላ አትቀበለውም። «መድኃኒቱን መቀነስ መጨመር የሐኪሟ ነው» ብላ እዚያው ስልክ አስደወለችኝ።

ልጄ እሷን አትፈራም። «አያምም» ብላ አትዋሻትም፣ «ትንሽ ይቆነጥጥሻል» ትላታለች። እጇን አሙቃ፣ ደም ሥሩን በደንብ ፈልጋ፣ አንዴ ብቻ ትወጋለች።

በጾም ወቅት ጎመንና ሰላጣ ስናበዛ ቁጥሩ እንደሚወርድ የነገረችኝም እሷ ናት። ጎመን ክልክል አይደለም፤ ድንገት አታብዙ፣ ድንገትም አታቁሙ ነው ነገሩ። ለራስ ምታት ብሎ አይቡፕሮፌን መስጠት ግን ሐኪም ሳይጠየቅ አይሞከርም።

ስሟን ያልጻፍኩት እሷ ስላልፈለገች ነው። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውን እነግራችኋለሁ። እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ፣ ልጆችሽን ጤና ያድርግልሽ። የምትሄዱ ደግሞ የልጃችሁን የክትትል ደብተር እንዳትረሱ፣ ያለፈውን ውጤት ሳታይ አትቀዳም።